እንቁላል የምታዳምጠው ትርንጎ

የምሠራበት የማሸጊያ ፋብሪካ ፖሌግ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ነው። ባለቤቴ ባዬ ወደዚያ ስልክ ደውሎ አያውቅም ነበር። ስለዚህ የክፍሉ ኃላፊ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና በእጇ ስትጠራኝ፣ ልጄ አንድ ነገር ሆኗል ብዬ ሮጥኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ጠየቅሁት።

"ምነው? ልጁ ነው?"

"ልጁ ደህና ነው። ትርንጎ አረፈች።"

"የትኛዋ ትርንጎ?" አልኩት። ሌላ ትርንጎ እንደማናውቅ እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት።

"የኛዋ። ቴል ሞንድ፣ የምታስታምማት አሮጊት ቤት። ጠዋት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ነው ያገኟት። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እዚሁ ናታንያ።"

ፈቃድ ጠይቄ ልብሴን ስቀይር ያ ሁሉ የማሽን ጩኸት አይሰማኝም ነበር። ትርንጎን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጸጥታ ነው። እሷ ከገባችበት ክፍል ድምፅ ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ሬዲዮ የከፈተ ይዘጋል፤ የሚያለቅስ ሕፃን ዝም ይላል፤ ሰው ሳያስበው አነጋገሩን ዝቅ ያደርጋል። እንዲህ አድርጉ ብላ አታውቅም። እንዲያው ይሆን ነበር።

እኔና ባዬ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው ከመጡት ነን። ወራት ሆቴል ውስጥ ቆይተን፣ ከናታንያ መሀል ከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ቤት ደረሰን። ደረጃው መስኮት አልነበረውም። መብራቱ አዝራሩን ሲጫኑት ይበራና ትንሽ ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። በገባን ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ ከውጭ መጥቼ ደረጃውን ስወጣ መሀል ላይ ጠፋብኝ። ግድግዳውን እየዳሰስኩ ስቆም፣ አጠገቤ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ።

"አትንቀሳቀሺ። እንቁላል ይዣለሁ" አለኝ የሴት ድምፅ።

አንድ እጅ በጨለማው አልፎኝ አዝራሩን ተጫነ። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት። ነጭ ሻሽ አስራለች። የእንቁላሉን ካርቶን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፋዋለች። እኔ ከመምጣቴ በፊት በዚያ ጨለማ ምን ያህል ቆማ እንደነበር አላውቅም። ቆይቼ፣ ስንላመድ፣ ለምን መብራቱን እንዳላበራች ጠየቅኋት።

"እያዳመጥኩ ነበር" አለችኝ።

በሯ ከበራችን ፊት ለፊት ነበር። በሱዳን በኩል፣ ከእኛ ቀደም ብላ የመጣች ናት። ብቻዋን ትኖራለች። ከእናቴ ታንሳለች፣ ከታላቅ እህቴ ትበልጣለች፤ ስለዚህ "እትዬ" አልኳት። እሷ "ወርቄ" ትለኛለች፤ ደስ ሲላት ደግሞ "አንቺ ልጅ"።

እንቁላል መግዛት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። እኛ አገር እንቁላል ከዶሮዋ ሥር ይነሳል፣ አለቀ። እዚህ ግን በትሪ ተደርድሮ፣ ከማን ዶሮ እንደመጣ፣ መቼ እንደተጣለ ሳይታወቅ ይጠብቅሻል። ሹክ — ገበያውን ሁላችንም በዕብራይስጡ ነው የምንጠራው — አብረን ስንወርድ፣ ደጅ ላይ ፀሐይ የሚመታውን ቁልል ዞር ብላ ሳታይ ታልፈዋለች።

"ይሄን ሰውዬው በነፃ ቢሰጥሽ አትቀበይው" ትለኛለች።

ከማቀዝቀዣ ውስጥ አውጥቶ የሚሸጥ ሰው ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ካርቶኑን ትከፍትና እያንዳንዱን እንቁላል በጣቷ ጫፍ ትንሽ ታዞረዋለች። አልዞርም ብሎ የተጣበቀ ካለ ከሥሩ ተሰንጥቆ ፈሷል ማለት ነው። ከዚያ ቅርፊቱ ላይ ያለውን ቀይ ማኅተምና ቀኑን ታያለች። ማኅተም የሌለውን "ዘሩ የማይታወቅ እንግዳ" ነው የምትለው። ከገዛች በኋላ ሌላ ሱቅ አትገባም፤ ከሰው ቆማ አታወራም። እንቁላሏን አቅፋ በቀጥታ ወደ ቤት።

ቤቷ ውስጥም ሥርዓት ነበረው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን እንቁላሉን እንደ ቲማቲም በቧንቧ አጥቤ ሳስቀምጥ አይታ እጄን ያዘችኝ።

"አይታጠብም፣ አንቺ ልጅ! ቅርፊቱ ግንብ እንዳይመስልሽ። ይተነፍሳል። ውኃ ስታፈሺበት ላዩ ላይ ያለውን እድፍ ወደ ውስጥ ይስበዋል።"

ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለውን የእንቁላል ቦታም አትወደውም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቀዋል፣ ይናወጣል ትላለች። ከነካርቶኑ ወደ ጥግ ትገፋዋለች፤ ሹሉ ወደ ታች፣ ሰፊው ወደ ላይ። ከነካች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠባለች፤ ከመንካቷም በፊት ትታጠባለች። ስትሰብር ደግሞ አንድ በአንድ፣ ብርጭቆ ውስጥ ነው። ደም ካለበት ከነብርጭቆው ወስዳ ትደፋዋለች፤ ከሌለበት ወደ ሳህኑ ትገለብጠዋለች። ደም ያለበት እንቁላል እንደማይበላ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷ ግን ብርጭቆውን ስታይ ትንፋሿን ትይዝ ነበር።

ግማሹን ያወቀችው ስደተኞች መቀበያው ውስጥ ምድጃና ማቀዝቀዣ ታስተምር ከነበረች ሴት ነው። እሷም አልደበቀችም። አለመታጠቡን ያቺ መምህር ነግራታለች። ማንኳኳቱን ግን የትኛዋም መምህር አላስተማረቻትም።

ከመስበሯ በፊት በጥፍሯ ታንኳኳዋለች፤ ሰው ቤት ደጅ እንደቆመ እንግዳ፣ ቀስ አድርጋ። ከዚያ ጆሮዋ ላይ ታስጠጋዋለች። ዓይኗ ይከደናል። የማቀዝቀዣው ሞተር እያጓራ ከሆነ እስኪያቆም ትጠብቃለች። እኔም ሳላስበው ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ ዓይኗን ትከፍትና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ጨው ልለምናት ገብቼ ወጥ ቤት አጣኋት። መታጠቢያ ቤቱ ገርበብ ብሎ ከውስጥ ቀይ ብርሃን ይታያል። ቀረብ ስል፣ በጨለማው መሀል ቆማ የእጅ ባትሪ ከእንቁላል ሥር ይዛለች። እንቁላሉ እንደ ፍም በርቷል። የፊቷ አጥንት ሁሉ ቀልቷል።

"ግቢና በሩን ዝጊው" አለችኝ ዞር ሳትል።

ገባሁ። እንቁላሉን ቀስ አድርጋ ስታዞረው በውስጡ አንድ ጥላ ተንሳፈፈ።

"አስኳሉ ነው" አለች። "ሌላ የለም። ባዶ ነው።"

"ምን እንዲኖር ፈልገሽ ነው፣ እትዬ ትርንጎ?"

ባትሪውን አጠፋችው። በጨለማው በሩን እየዳሰስኩ፣ ጨዌን ረስቼ ወጣሁ።

እንግዳው ነገር እሷ ራሷ እንቁላል አለመብላቷ ነው። ያን ሁሉ ተጨንቃ ገዝታ፣ አዳምጣ፣ ለሕንፃው ልጆች ነበር የምትሰጠው። ዓርብ ዓርብ ትቀቅላለች። ለልጅ የሚሰጥ ልቡ ድረስ ካልጠነከረ አይሆንም ባይ ናት። ልጆቹ በሯ ላይ ይሰለፋሉ። ሰጥታቸው አትሄድም፤ ጎንበስ ብላ ጉሮሯቸውን እያየች፣ ውጠው እስኪጨርሱ ትቆማለች። እናቶቹ ይህን አስተያየቷን አይወዱትም ነበር። ልጆቹ ግን ይወዷታል። ከሁሉም በላይ ትርንጎን የምትወዳት የማሚት ልጅ ሲጋል ነበረች።

ማሚት የባዬ ታላቅ እህት ናት፤ ምድር ቤቱ ላይ ትኖራለች። ባሏ ከሞተባት በኋላ ያለቻት ያቺ አንድ ልጅ ብቻ ነበረች። ስሟ ስንቅነሽ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲጋል አሏት። ልጅቱ ሕፃን ሆና መጥታ እዚሁ ስላደገች የምታወራው በዕብራይስጥ ነው። እናቷንም "ኢማ" ነው የምትላት። አማርኛ ብንናገራት ትሰማለች እንጂ አትመልስም።

እኔ ወንድ ልጄን የወለድኩት ሻራቩ በገባበት ሰሞን ነው። ከበረሃ የሚነፍሰው ያ ትኩስ ነፋስ ናታንያ ሲደርስ ባሕሩ እንኳ አያበርደውም። ግርዛቱ ሲቃረብ የባዬ ዘመዶች ቤቴን ሞሉት። እኔ አራስ ነኝ፤ ትልልቆቹ ሴቶች እንደ አገራችን ሥርዓት ወጥ ቤት እንዳልገባ ስለፈለጉ፣ መኝታ ክፍል ሆኜ በተከፈተው በር ነበር የማያቸው። ባዬ ለዶሮ ወጡ የሚሆን እንቁላል በትሪ በትሪ ገዝቶ ነበር፤ ሰፈራችን በሸራ በተሸፈነ መኪና ከሚመጣ ሰው። ማቀዝቀዣው በሥጋ ስለሞላ ሚርፔሴቱ ላይ፣ ሰገነቱ ላይ ማለት ነው፣ ተደርድሮ ሰነበተ።

ድግሱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ትርንጎ ሽንኩርት ልትከትፍ መጣች። ከበሩ ስትገባ የሴቶቹ ወሬ ረገበ። ትሪዎቹ ጠረጴዛው ላይ ወጥተዋል። ሽንኩርቱን ተወችና አንዱን እንቁላል አነሳች።

"ይሄ ከየት ነው?"

"ከገበሬ ቤት ነው" አለ ባዬ። "የቤት ዶሮ፣ ትኩስ ነው አለኝ።"

"ማኅተም የለውም።"

"የቤት ዶሮ ምን ማኅተም አላት፣ እትዬ ትርንጎ?"

"የት ነው የከረመው?"

ባዬ በእጁ ወደ ሚርፔሴቱ አሳየ። ፀሐዩ የሰገነቱን ንጣፍ ያነደዋል። ትርንጎ በጥፍሯ አንኳኳች። ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው። እኔ ከአልጋዬ ሆኜ ፊቷን በጎን አየዋለሁ። ቀለሟ እየጠፋ፣ ከንፈሯ እየነጣ ሄደ። እቅፌ ውስጥ ያለው ልጄ መጥባቱን አቆመ።

"ይሄን አታብሉ" አለች። "ሰው አለበት።"

"ምን አለበት?" አለች ማሚት።

"ሰው።"

"አንቺ ሴት! በወንድሜ ልጅ ግርዛት ላይ ይሄ ምን የሚሉት አፍ ነው?"

ትርንጎ አልተከራከረቻትም። ብርጭቆ አምጡልኝ አለች። ሰበረችው። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው አዩ፤ አንዷ ጮኸች፤ ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ባዬ ብርጭቆውን አንስቶ በበሩ ሲያልፍ እኔም አየሁት። አስኳሉ ላይ ቀጫጭን የደም ሥር እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል። የነቁጥ ያህል ጥቁር ዓይን አለው። በመሀሉ አንዲት ቀይ ጠብታ ትመታለች። እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች። ትመታ ነበር።

አሁን ሳስበው የሚገርም ነገር የለውም። አውራ ዶሮ ያለበት ቤት እንቁላል ነው፤ ያ ሙቀት እንደ እናት ዶሮ ታቅፎት ከረመ። ያን ጊዜ ግን ማንም እንዲህ አላሰበም።

"ሁሉንም ጣሉት" አለ ባዬ። "ከሱፐር ሌላ ገዝቼ እመጣለሁ።"

"አንድ ተበላሸ ተብሎ ይሄ ሁሉ ይጣላል?" አለች ማሚት። ትርንጎ ግን ትሪው ላይ እጇን ዘርግታ ቆማ ነበርና፣ ማሚት "እሺ፣ እኔው እጥለዋለሁ" ብላ ትሪዎቹን ደራርባ ይዛ ወረደች። ከምድር ቤት በታች ያለው የቆሻሻ ገንዳ ጋ ሄዳለች ብለን አመንናት።

ድግሱ ባማረ ሁኔታ አለፈ። ማንም አልታመመም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሲጋልን ሳል ያዛት። ማሚት እናቷ ያደርጉላት እንደነበረው ጥሬ እንቁላል በወተትና በማር መትታ አጠጣቻት። እንቁላሉ ከዚያው ትሪ ነው። ያልተሰነጠቀውን መርጣ አስቀርታ ነበር። ልጅቱ መጀመሪያ ሆዷን አለች። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ዓይኗ ተገልብጦ የሰው ጥሪ አልሰማ አለች። በአምቡላንስ ወሰዷት።

ሐኪሞቹ የሚናገሩትን ለማሚት የሚያስተረጉምላት ባዬ ነበር። ሳልሞኔላ ይባላል፤ ጥሬ እንቁላል ውስጥ የሚኖር ተባይ ነው፤ ወደ ደሟ ገብቷል አሏት። ማሚት እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ "ተባዩን ማን ጠራው?" አለች። "ሰው አለበት ያለችው ማን ናት?"

ከዚያ ያቺ ቃል መጣች። ማን መጀመሪያ እንዳላት አላውቅም። ደረጃው ላይ ሁለት ሴቶች ቆመው ሲንሾካሾኩ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ በጨለማው ውስጥ ሰማኋት። "ቡዳ ናት።"

እዚያ አገር ጎረቤቶቻችን ቡዳ የሚሉት እኛን ነበር። አባቴ ማረሻ ይቀጠቅጥ ስለነበር ልጆቻቸውን ከፊቱ ይሸሽጉበት ነበር። አያቴ የሠራችውን ገንቦ ይገዟትና ዓይኗን ግን አያዩም። ያቺን ቃል ሸሽተን የመጣን ሰዎች ነን። አሁን ደግሞ በእኛው አፍ፣ በእኛው ደረጃ ላይ ተነገረች።

ዓርብ ደረሰ። ትርንጎ እንደ ልማዷ ቀቀለች። በሯን ከፍታ ቆመች። ማንም ልጅ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ በየደጁ እያንኳኳች እንቁላሉን አስቀምጣ ተመለሰች። አመሻሹ ላይ በሬን ስከፍት ሁሉም ተመልሶ በሯ ሥር ተጥሏል፤ ቅርፊቱ ተፈርክሷል፤ በጫማ የተረገጠም ነበረበት። እሷ ተንበርክካ ትለቅማለች። ልረዳት ስጎነበስ፣ "አንቺ አራስ ነሽ፤ ግቢ" አለችኝ።

በማግስቱ ባዬ ከሆስፒታል ተመልሶ ቁጭ እንዳለ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ትኩሳቱ አልወርድ አለ። እንቅልፍ የላትም። 'ያለቅሳል፣ ያለቅሳል' እያለች ጆሮዋን ትሸፍናለች።"

"ማነው የሚያለቅሰው?"

"እሱን ማን ያውቃል? ደግሞ በአማርኛ ነው የምትለው።"

ለትርንጎ መንገር እንዳለብኝ የተሰማኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ልጁን ለባዬ ሰጥቼ ተሻገርኩ። ነገርኳት። ቆማ ነበር፤ ቀስ ብላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ልጅ ነበረችኝ። ብርቄ። ሱዳን፣ መጠለያው ውስጥ ታመመችብኝ። አንዲት የዚያ አገር ሴት አዘነችልኝና እንቁላል ሰጠችኝ። እንቁላል በዚያ ጊዜ ምን ማለት እንደነበር አንቺ አታውቂም። ልጄ በሁለት እጇ ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። 'እማ፣ ውስጡ ያለቅሳል' አለችኝ። ሳቅሁባት። እንጨት አልነበረኝም፤ እንደነገሩ ለብ አድርጌ አጎረስኳት። ጠዋት አልነቃችም።"

"በሽታው ነው፣ እትዬ" አልኳት።

"ይሆናል። ያኔ የማይሞት አልነበረም። እንቁላሉ ይሁን በሽታው ማን ይነግረኛል?"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት የምታዳምጪው ምንድን ነው?"

"እሷ የሰማችውን።"

ተነስታ ጫማዋን አደረገች፤ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ባዬ አብሯት ሄደ። እኔ የማውቀው እሱ የነገረኝን ብቻ ነው። ማሚት ክፍሉ በር ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። "ልጄን ልትጨርሻት ነው የመጣሽው?" አለቻት። ትርንጎ እጇን አልገፋችም፤ ፊት ለፊቷ ቆመች። ከውስጥ የልጅቱ ድምፅ ተሰማ። ያኔ ማሚት እጇን አወረደች። ትርንጎ ገብታ በሩን ከኋላዋ መለሰችው። ባዬ ኮሪደሩ ላይ ቀረ፤ ማሚት ግን በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ታይ ነበር። ምን እንዳየች ሲጠይቃት አልተናገረችም።

በነጋታው ትኩሳቱ ወረደ። ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ሠራ አሉ። እኔም እንደዚያው አምናለሁ። ሰፈሩ ግን ሌላ ነገር አለ። ያሰረችው ራሷ ፈታችው አሉ። ልጅቱ ድና መምጣቷ ወሬውን አባሰው እንጂ አላጠፋውም። ሴቶች ትርንጎ ሹክ ስትመጣ መንገድ ይሻገሩ ጀመር። እሷም ብዙ አልቆየች። ቴል ሞንድ ውስጥ አንዲት አሮጊት የምታስታምም ሴት ይፈልጋሉ ተባለ፤ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ስትወርድ ደረጃው ላይ ማሚት ቆማ ነበር። ወደ ግድግዳው ተጠግታ አሳለፈቻት።

እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። አንድ ቀን በዚያ ቤት ወጥ ቤት ተቀምጬ፣ ከማቀዝቀዣው እንቁላል አወጣች። ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ብርጭቆው ውስጥ ሰበረችው፣ አየችው፣ መጥበሻው ላይ ገለበጠችው፣ ሁለቱም በኩል እስኪደርቅ አበሰለችውና ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ በላችው። እንቁላል ስትበላ አይቻት አላውቅም ነበር።

"ዛሬ አላዳመጥሽም" አልኳት።

"አዎ" አለች። ሳህኗን በዳቦ ጠርጋ ጨረሰች። "አሁን ይበላልኛል።"

ተነስታ ሳህኑን አጠበችው።

ቀብሯ ላይ የመጣነው ጥቂት ሰዎች ነን። የቀብሩን ሥርዓት የሚያስፈጽመው ሰው ሐዘንተኛው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ልብሱ የሚቀደድለት፣ ሰባት ቀን መሬት የሚቀመጥ የሥጋ ዘመድ ማለቱ ነው። ተያየን። ዘመድ የላትም ልል ስል ማሚት ወደ ፊት ወጣች። የቀሚሷን አንገት ለሰውዬው አቀረበችለት። ቀደደላት።

በዚያው ቀን ልቅሶው ማሚት ቤት ሆነ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ገፍተን ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፍን። ሰው ሁሉ እስኪመጣ ድረስ ብቻችንን ነበርን። አጠገቧ ተቀምጬ በቀስታ ጠየቅኋት።

"እትዬ ማሚት፣ አንቺ እኮ ከእጇ ውኃ አልጠጣም ያልሽ ሰው ነሽ። ለምን?"

ማሚት የተቀደደውን የቀሚሷን አንገት በጣቷ እየነካካች መለሰችልኝ።

"ያን ቀን ሆስፒታል በመስታወቱ አይቻለሁ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰምቻለሁም። ጎንበስ ብላ ልጄ ጆሮ ላይ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ ነበር የቆመችው። የተናገረችው ልጄ ናት። አንቺም ታውቂያታለሽ፣ ሲጋል አማርኛ አትመልስም። እኔንም 'ኢማ' ነው የምትለኝ። ያን ቀን ግን እንደ ባላገር ልጅ፣ በሌላ ድምፅ፣ 'እማ' አለቻት። 'እማ፣ አሁን ዝም ብሏል። ተኚ' አለቻት። ከዚያ እጇን አንስታ የትርንጎን ፊት ዳሰሰችው። ትርንጎ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጄም ተኛች።"

ሱዳን ውስጥ የሆነውን ለማሚት አልነገርኳትም ነበር። ትርንጎም ብትሆን ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረችም።

"ሲጋል ታስታውሳለች?"

"ምንም አታስታውስም። ስጠይቃት ትስቅብኛለች።" ማሚት ዓይኗን አበሰች። "ፈራኋት፣ ወርቄ። ይሄን ሁሉ ዓመት ፈርቻት ኖርኩ። ደጇን ሳልረግጥ ሞተች። ግን ልጄ እናቴ ብላ ከጠራቻት፣ እኔ ምኗ ልሁን? እህቷ አይደለሁም?"

የደረጃው በር ተከፈተና ሰዎቹ መግባት ጀመሩ። ትርንጎን ለመቅበር ያልመጡት ጎረቤቶች ናቸው፤ በሩ ላይ ተጣበው ለመግባት ያመነታሉ። በዚህ መሀል ሲጋል ከወጥ ቤት የውኃ ማሰሮ ይዛ ወጣች። አሁን ከእናቷ ትረዝማለች። ፊት የቆሙት ሽማግሌ ማሚትን አዩና ግራ ገባቸው።

"ማንን ነው እግዜር ያጽናሽ የምንለው?" አሉ።

ማሚት ፍራሹ ላይ ጠጋ አለች፤ ለልጇ ቦታ ለቀቀችላት።

"ሁለታችንንም" አለች።

ሲጋል ማሰሮውን አስቀመጠችና፣ ለምን ብላ ሳትጠይቅ፣ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠች።